ለቅሶ ላይ ያጨበጨበው መምህሬ

ትናንት ከሰዓት፣ በአክስቴ ባል ሣልስት፣ መንዝ ሞላሌ ውስጥ፣ ለቅሶው በጋለበት ሰዓት... መምህሬ አጨበጨበ።

ጮክ ብሎ፣ ከልቡ ነው ያጨበጨበው። እጁን ይዤ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ግን ግቢው ሙሉ ሰምቶታል።

ከሥሩ ላስረዳችሁ። የምማረው ፖላንድ ነው፣ ቴአትርና የቴአትር ታሪክ። (እናቴ ለጎረቤት «ስለ ድራማ ነው የምትማረው» ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።) ባለፈው ዓመት ይኼው መምህር ክፍል ውስጥ «እናንተ አገር ቴአትር ከውጭ የመጣ ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሥርዓት እንጂ ቴአትር አይደለም» አለ። እጄን አውጥቼ ተሟገትኩት። ስለ መንዝ አልቃሾች፣ ስለ ሠርግ ግጥም ነገርኩት። በመጨረሻ «እንግዲያው አሳይኝ» አለ። የመመረቂያ ጽሑፌም ይኼው ሆነ... አማካሪዬም እሱ።

የመጣነው ለዚሁ ጽሑፍ ሠርግ ልናይ ነበር። በመጣን ሳምንት የአክስቴ ባል አያ ታደሰ አረፉ።

«እኔም ልምጣ?» አለኝ መምህሬ። እናቴን ጠየቅኳት። «እንግዳ ለቅሶ ቢደርስ ምን ነውር አለው? ይምጣ» አለች። እሱን ግን አስጠነቀቅኩት። «ፎቶ የለም። ቪዲዮ የለም። ድምፅ መቅዳትም የለም።»

«ቃሌ ነው» አለኝ።

ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። አክስቴ የባሏን በርኖስ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ መሐል ለመሐል ትዞራለች። እኛ ጋ የሟች ልብስ እንዲህ ይወጣና ይለቀስበታል። እኔ ከመምህሬ ጎን ቆሜ እያንዳንዷን ስንኝ በሹክሹክታ እተረጉማለሁ።

«በርኖሱን ትቶልኝ ብርድ ላይ ሲወጣ፣
ማንስ ያለብሰዋል ሌሊቱ ሲመጣ...»

አለችና ጎንበስ ብላ በርኖሱን ባሏ ይቀመጡበት ለነበረው ባዶ ዱካ አለበሰችው።

ያጨበጨበው ይኼኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቴአትር ቤት የኖረ ሰው አይደል... አንዲት ሴት ግጥሟን ጨርሳ ጎንበስ ስትል ለተመልካች እጅ የነሳች መሰለው።

«ማነው እሱ?» አሉ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሽማግሌ። «ሠርግ ቤት የገባ መሰለው እንዴ?»

«እንግዳ ነው አባባ፣ አያውቅም፣ ይለፉት» አለች እናቴ እየተሽቆጠቆጠች። እናቴ ስትሽቆጠቆጥ አይቼ አላውቅም። ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ሳብኩት።

እስከዚህ ያለውን እኔም አልፈው ነበር። አለማወቅ ነው። እሱ ግን ጠጋ ብሎ፣ «ይቅርታ... አንዴ ብትደግመው? የመጨረሻውን ነፋስ አበላሽቶብኛል» አለኝ።

ነፋስ ምኑን ነው የሚያበላሸው?

የኮቱን ኪስ አየሁ። ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ቀይ መብራቷን አብርታ ጫፏን ብቅ አድርጋለች።

አክስቴ እያየችን ነበር። «ምን ይላል ሰውዬው?» አለችኝ።

«ነፍስ ይማር ይላል» ማለት እችል ነበር። ግን ያን ሁሉ ሰዓት የሰማሁትን ሁሉ ስተረጉም ቆይቼ ምላሴ ለመደና... «ድገሚልኝ ነው የሚለው፣ እትዬ። ነፋስ አበላሽቶበት።»

ደረቷን ልትመታ እጇን ያነሳች ሴት እጇን ሳታወርድ ቀረች።

አክስቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «ንገሪው» አለች። «እሱ ሲሞት እደግምለታለሁ።»

ከኋላዬ አንዷ ሳቋን ነጠላዋ ውስጥ አፈነችው።

«ምን አለች?» አለኝ። አንድ ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት።

ዐይኑ በራ። «ድንቅ ነው! ይኼንንም መጥቀስ እንችላለን?»

ክንዱን ይዤ እስከ አጥሩ በር ወሰድኩትና እጄን ዘረጋሁ። «አምጣው።»

«ተረጋጊ እንጂ። ግማሹ ጽሑፍሽ እኮ ይኼ ነው። የቀዳሁት ላንቺ ብዬ ነው።»

«አክስቴስ ለማን ብላ ያለቀሰች መሰለህ? አምጣው!»

ሰጠኝ። እያየኝ የቀዳውን ሁሉ አጠፋሁት።

«ማስረጃ የሌለውን ጽሑፍ እንዴት ብዬ እንደምፈርምልሽ አላውቅም» አለ ድምፁን አለስልሶ። እንዲህ ለስለስ ብሎ ሲናገር የምሩን እንደሆነ አውቃለሁ።

«እንግዲያው አትፈርም» አልኩት።

ጀግና የሆንኩ መሰለኝ... ወደ ግቢው እስክመለስ። አክስቴ አጠገብ ቁጭ አልኩና «እትዬ፣ ስለ እሱ ነውር ይቅርታ አድርጊልኝ» ስላት አቋረጠችኝ።

«እሱ ባዕድ ነው፣ ምን አውቆ? አንቺ ግን... ከመጣሽ ጀምሮ ስታወሪ ነው የዋልሽው። አንዴ እንኳ አላለቀስሽለትም።»

አያ ታደሰ ልጅ ሆኜ ውርጭ እንዳይመታኝ በዚያው በርኖስ ጠቅልለው፣ በቅሏቸው ላይ አስቀምጠው ትምህርት ቤት ያደረሱኝ ሰው ናቸው። ያ በርኖስ ፊቴ ሲዞር እኔ ምን ሳደርግ ነበር? ለአንድ ሰው ጆሮ «ይኼ የመድረክ አልባሳት አይደለም፣ የሟች የራሱ ነው» እያልኩ ማብራሪያ ስሰጥ ነበር። በደረቅ ዐይን። በጥሩ እንግሊዝኛ።

ክርክሩን ለማሸነፍ ስል ነው ያመጣሁት። አገሬ ቴአትር አላት ለማለት የአክስቴን ሐዘን ማስረጃ አድርጌ አቀረብኩ። ከጭብጨባው ይልቅ ይኼኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ጽሑፌን እጨርሰዋለሁ። እሱ ባይፈርም የሚፈርም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ያለን ነገር ቴአትር ይባል አይባል እንዲፈርድልኝም ከእንግዲህ ማንንም ለቅሶ ቤት ይዤ አልገባም።

በገዛ ዘመዴ ለቅሶ ላይ አስተርጓሚ ሆኖ መቆም ግን... ለዲግሪም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።