አንድ ፊርማ የጎደለው ግንብ

በለጠ እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም። ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ቀኑን ሙሉ ለማማድ፣ ከሮኬት ለሚያድነው ክፍል፣ የኮንክሪት ግድግዳ ሲሠራ ይውላል። በእጁ ሥራ ስንቱ ተጠልሏል! ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት እናቱ ግን አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ በጮኸ ቁጥር ደረጃ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ጉልበታቸው ታች ካለው መጠለያ አያደርሳቸውም። እሱ የሚኖረው ሌላ ሰፈር፣ ሽኩና ቤት ነው። ነገሩ እንቅልፍ ነስቶታል።

መሃንዲስ መጥቶ ለክቶ ነበር። ከሕንጻው ጎን ማማድ በማማድ ላይ እስከ ጣሪያው ይደረደራል። በሕንጻው ካሉት ስምንት የቤት ባለቤቶች አንዱ ካልፈረመ ግን ሥራው አይጀመርም። ሰባቱ ፈረሙ፤ የአንዱ ፊርማ ጎደለ።

በለጠ ለማጣራት መቼ ትዕግሥት ኖሮት! ምድር ቤት የምትኖረውን የእናቱን ጎረቤት ፕኒናን ጠረጠረ፤ ግንቡ የሚያርፈው እሷ ጎመንና ጤናዳም በተከለችበት ቁራሽ መሬት ላይ ነዋ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ በሯን አንኳኳና፣

"ለአንድ እስር ጎመን ብለሽ እናቴን ልትገድያት ነው?" አላት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ፕኒና በሩን ዘጋችበት።

ከሰዓት በኋላ መሃንዲሱ ደውሎ ያልፈረሙት እናቱ እማማ ሸዋነሽ መሆናቸውን ነገረው። በለጠ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የማትፈርሚው?"

"ያንን የማማድ የብረት በር ማን ይዘጋልኛል?" አሉ። "አንተ ቀኑን ሙሉ አቮዳ፣ ሥራ ላይ ነህ። ደረጃው ላይ ሰው አለኝ፤ እዚያ ውስጥ ብቻዬን ነኝ።"

የበሩን ክብደት እሱ ያውቀዋል። ስለ ግድግዳው ሲብሰለሰል ስለ በሩ አንድ ቀን እንኳ አለማሰቡ አሳፈረው።

አፉን ሳይከፍት አዛካው ጮኸ። እናቱን ደግፎ ደረጃው ላይ አስቀመጣቸው። ወዲያው ፕኒና ከታች እያለከለከች መጣች፤ እሱን እንዳላየ ሰው አልፋ ከጎናቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። መጠለያው ከደጃፏ አሥር እርምጃ ነው። እሷ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ወደ ላይ ስትሮጥ ኖራለች።

"ፕኒና፣" አላት። "ማማዱ ቢሠራ፣ እኔ በሌለሁበት በሩን ትዘጊላታለሽ?"

"ጠዋት ይህን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?" አለችው።

የእማማን እጅ ግን አልለቀቀችም።