እበት የተለቀለቀው ማዕዘን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በአንድ የድሮ የሠራተኞች ክበብ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፍ አጥር ጀርባ ቀይ አፈር የለበሰ የሜዳ ቴኒስ መጫወቻ አለ። ጠባቂዋ የብርጓል ናት። ትውልዷ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ነው፤ ከተማ የገባችው ባሏን ይስማውን ተከትላ ነበር። ይስማው ሜዳውን ሲጠርግ፣ ውሃ ሲያጠጣ፣ መስመሩን በኖራ ሲቀባ ኖሮ ሞተ። ክበቡም ሥራውን ለእሷ ሰጣት። ልጅ አልወለዱም።

መጀመሪያ ላይ አምስት ስድስት የመንግሥት ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወቱ ነበር። ኳሱ ገባ አልገባ ሲባል ጮክ ብሎ የተከራከረው ያሸንፋል፤ ከዚያ ሁሉም ይስቃሉ። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ማንም ራኬት ይዞ አልገባም። እሷ ግን በየጠዋቱ ትጠርጋለች። ድምጿ እንዳይጠፋባት ነው መሰል፣ መረቡን «እንደምን አደርክ» የምትልበት ጠዋት ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወሬ መጣ። ቴኒስ እንጀራቸው የሆነ ወንዶችና ሴቶች በአፈር ሜዳ ሊወዳደሩ ነው፤ ውድድሩም እዚህ ነው። ዓርብ ተጀምሮ፣ እሑድ አርፎ፣ ማክሰኞ ያልቃል። የብርጓል የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የፍጻሜው ጨዋታ በእሷ ሜዳ ላይ ሲካሄድ ማየት።

ዓርብና ቅዳሜ ሰው ሞላ። ግን ፀሐዩ በረታና ከመረቡ ወዲያ ያለው የግራ ማዕዘን ተሰነጣጠቀ። ቅዳሜ ጨዋታው ሲያበቃ ውሃ አጠጣችው፤ አልረዳም። ወሩ የአጨዳ ነውና የአባቷ አውድማ ትዝ አላት። አውድማ እንዳይሰነጠቅ እበት ይለቀለቃል። ከጎረቤት እበት ለምና፣ ቀለሙ እንዲመሳሰል ቀይ አፈር ጨምራ በጠበጠችና ማዕዘኑን በመዳፏ ለቀለቀችው። እሑድ ሲደርቅ ከሌላው አይለይም ነበር። ደስ አላት።

ሰኞ ማርያማዊትና ጤናዬ የሚባሉ ሁለት ተጫዋቾች ገጠሙ። ጤናዬ የመታችው ኳስ ያ ማዕዘን ላይ አረፈ።

«ገብቷል!» አለች ጤናዬ።

«የት አባቱ ይገባል! አንድ ጣት ያህል ወጥቷል» አለች ማርያማዊት።

ዳኛው አብይ ከከፍታ ወንበሩ ወረደ። በአፈር ሜዳ ኳስ ያረፈበትን ምልክት ይተዋል፤ ዳኛ አጎንብሶ ያንን አይቶ ይፈርዳል። አጎነበሰ። ምልክት የለም፤ መሬቱ ደርቆ ጠንክሯል። መሬቱን በጥፍሩ ፍቆ አሸተተ።

«ይኼ ምንድን ነው እማማ?»

«እበት ነው ጌታዬ። የጥጃ እንዳይመስልህ፤ ንጹሕ የበሬ ነው።»

ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። «በሬዎቹን አምጧቸው፣ እንውቃ!» አለ አንዱ። «ጤፉስ የታለ?» አለ ሌላው።

የብርጓል አንገቷን ደፋች። «ኳሱን እኔ አይቼዋለሁ፤ መስመሩ አጠገብ ነበርኩ። ወጥቷል» አለች።

«የእርስዎ ቃል በሕጉ ውስጥ የለም» አላት አብይ። በክፋት አልነበረም። «ይኼን ፍቀው፣ አርሰው፣ ጠቅጥቀው ለመመለስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ለነገ ይደርሳል ልትል ነበር። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሷል።

«ሁለት ቀን» አለች። «ከዚያ በፊት ከተረገጠ ይሰምጣል።»

አዘጋጆቹ ጥቂት ተነጋገሩና ቀሪው ጨዋታ ባሕር ዳር፣ ሌላ ቀይ ሜዳ ላይ እንዲያልቅ ወሰኑ። ቦርሳ ሚኒባስ ላይ ሲጫን ጤናዬ ወደ የብርጓል መጣች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የሞጣ ልጅ ነኝ። አውድማ ስንለቀልቅ ነው ያደግሁት። አይዘኑ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነት ወጥቶ ነበር?»

«ወጥቶ ነበር ልጄ።»

«አውቄው ነበር» አለችና እየሳቀች ገባች። በሩ ተዘጋ።

የብርጓል ዶማ አመጣች። እበቱን ፈቀፈቀች፤ አፈር ለወጠች፤ አረሰረሰች፤ በድንጋይ መዳመጫው እየተመላለሰች ዳመጠችው። ረቡዕ ማዕዘኑ ከሌላው ጋር ገጠመ። የክበቡ ዘበኛ ፈንታ በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ «ይኼ ሁሉ ለማን ነው?» አላት። እሷ ዶማውን ከአፈር ጠርጋ አጥሩ ላይ አስደገፈችው።

ሐሙስ ጠዋት ሜዳውን ጠረገችው። ከእሷ እግር በቀር የረገጠው አልነበረም።