ጎዶሎው ጠርሙስ

ፊቴ እንደ ሊጥ ኩፍ ባለ ጊዜ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሽንቴን በብልቃጥ አፍልቶ አየው። እሳት እንደነካው የእንቁላል ነጭ ደፈረሰ። "ኩላሊትሽ ተቆጥቷል። ሽንትሽ ሳፈላው ጥርት እስኪል ድረስ ጨው የለም" አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ጨው! ሽሮው ሁሉ ጭቃ ጭቃ አለኝ።

በቀጠሮዬ ጠዋት ሽንቴን በጠርሙስ ይዘን ከአባቴ እህት ጋር ሄድን። እሷን አዳዳ ነው የምላት። ድሬሰሩ ጠርሙሱን ሲከፍተው አረፋው ቱግ አለ።

"ይሄ ሽንት ነው ጠላ?"

አዳዳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። "ታዲያ ጎዶሎ ጠርሙስ ለትልቅ ሰው ይሰጣል እንዴ፣ ዶክተር? ልንወጣ ስንል በአምቦ ውሃ ሞላሁት።"

ድሬሰሩ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ሌላ ቀጠሮ ማለት ሌላ ሳምንት ያለ ጨው ነዋ! "አሁኑኑ አመጣለሁ!" ብዬ ብልቃጡን ቀምቼው ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

የመጣልኝ ጥቂት ነው። ብልቃጡ እሳቱ ላይ ሲንተከተክ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አፈጠጥንበት። ፈላ፣ ፈላ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት እንዳለ ቀረ!

"በይ እንግዲህ ጨው ብይ፤ በልኩ ግን" አለኝ ድሬሰሩ።

አዳዳ በደስታ እልል ብላ ስትጨርስ ብልቃጡን አየችና "በዚች ጠብታ አሳፈርሽኝ" አለች። ስንመለስ ከሱቅ በወረቀት ጨው ስታስቋጥር ጮኸች፦

"እስከ አፉ ሙላው! ለልጄ ጎዶሎ አልወስድም!"

"በልኩ" መባሉን አላስታወስኳትም።