አባባ ያልጨረሳት መጽሐፍ

ትናንት ከሳሪስ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ብረቱን ጨብጬ በሌላው የልጅ ልጄን ልብወለድ ሳነብ፣ አጠገቤ የቆመው ልጄ ሳቀብኝ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የልጆች ነው!» ኤዲያ፣ ማንበቤን ቀጠልኩ። ደክሞኛል፤ የአዋቂ መጽሐፍ ሳነሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ የልጆቹ ግን ጸሐፊው ካወቀበት ድካሜን ያስረሳኛል። ቢሆንም ያቺ ቃል ስትቆጠቁጠኝ ቤት ደረስኩ፤ እኔም አንድ ጊዜ ብያታለሁና።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ስንኖር አባባ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ፊደል የቆጠረው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ መሠረተ ትምህርት ገብቶ ነው፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት የምዋሳቸውን የልጆች ልብወለዶች፣ ፊደላቸው ትልልቅ ስለሆነ፣ ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። የድሬዳዋው ባቡር ቤታችንን አንቀጥቅጦ ካለፈ በኋላ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እየገፋ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ክፉ ሰው ሲመጣ «ኧረ ሽሺ፣ አንቺ ልጅ!» እያለ መጽሐፉን ይቆጣል፣ እማማም «አበደ ሰውዬው» እያለች ትስቃለች። ችግሩ ጣቱ ነበር፤ ቢታጠብ ቢታጠብ የሐዲዱ ጥቁር ግራሶ አይለቀውም፣ ገጹን ሁሉ ያቆሽሸዋል።

አባባ እናቷን ፍለጋ ከቤት የወጣች ልጅ ታሪክ እያነበበ ግማሽ ላይ እንደደረሰ፣ የውሰት ጊዜዋን ለማሳደስ መጽሐፏን ትምህርት ቤት ወሰድኳት። የቤተመጻሕፍቱ መምህር ጥቁር በጥቁር የሆነውን ገጽ ልጆቹ ሁሉ እያዩ ገለጡና «ጋራዥ ውስጥ ነው እንዴ የምታነቢው?» አሉኝ። የልጆቹ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አፈርኩ፤ በገዛ አባቴ አፈርኩ። መጽሐፏን መልሼላቸው ባዶ እጄን ወደ ቤት ሄድኩ።

አባባ እጁን ፈትጎ ታጥቦ ደጃፍ ይጠብቀኝ ነበር። «ሌላ ሰው ወሰዳት» ብዬ ዋሸሁት። «አንቺ ጨርሰሻታል አይደል? ልጅቷ እናቷን አገኘች?» አለኝ።

«ኤጭ፣ አባባ ደግሞ! የልጆች መጽሐፍ እኮ ነው» ብዬው ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ አምጪልኝ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ እሱም የለም፣ ባቡሩም የለም፣ ሐዲዱንም ሣር ውጦታል። እኔ ግን ደክሞኝም ቢሆን የያዝኩትን ሁሉ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። አገኘቻት ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት።