የሁለት መታጠፊያ መንገድ

በጀጎል ግንብ ውስጥ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ከተማዋ የምትጠፋበት ሰዓት አለ። ሱቁ ግማሽ በግማሽ ይዘጋል፣ ሰው ወደ ጥላ ይገባል፣ ጠባቦቹ መንገዶች ብቻቸውን ይቀራሉ። እኔ የምሄደው በዚያ ሰዓት ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ የሆስፒታል ሥራዬን እንደጨረስኩ፣ ፈረስ መጋላ ከባጃጅ እወርድና አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ሰማያዊ በተቀቡት ግድግዳዎች መሀል ቁልቁል እገባለሁ። ጸጥታው ከመብዛቱ የተነሣ የራሴ ኮቴ ሌላ ሰው የሚከተለኝ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ወድቆ የተሰበረውን፣ ጉልበቱ የያዘውን ሰው እያለማመዱ መልሶ ማስነሣት። ሆስፒታል የሚመጡት ግን መምጣት የሚችሉት ናቸው። የቀሩት አዛውንቶች ባጃጅ በማይገባበት መንገድ መጨረሻ፣ አንድ ቦታ ተቀምጠው ይኖራሉ። ስለዚህ እኔ ወደ እነሱ መሄድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አዴ» የሚላቸው ሐረሪ እናት ቤት ነው። ግቢያቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፣ ቁስሉም ድኗል፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በራሳቸው እግር ከደጃፍ አልወጡም። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ሁሉን ነገር ካሉበት ታቀርብላቸዋለች። ከፀሐይ ወደ ቤቱ ስገባ ዓይኔ ይጨልማል። ቀስ እያለ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ቀለም ይመጣል፣ ቀጥሎ ነደባ የሚባለው ቀይ አፈር የተቀባ ደረጃ ደረጃ መደብ፣ ከሁሉም በኋላ የአዴ ነጭ ሻሽ።

«እግርዎ ደህና ነው፤ የፈራው ልብዎ ነው» አልኳቸው።

«ልቤ ምን ያድርግ? መሬቱን በቅርብ ያየሁት እኔ ነኝ!»

ዝቅተኛው ነደባ ላይ አራት ትራስ ደራርቤ አስቀመጥኳቸው፤ ከከፍታ መነሣት ይቀላልና። ፊታቸው ከባድ ወንበር አቆምኩ። እሱን ይዘው ይነሣሉ፣ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ስቆጥር «አቦ ተይኝ፣ የራሴ ቁጥር አለኝ» አሉና በእያንዳንዱ መነሣት «ሱብሃነላህ» ይሉ ጀመር። ሲለምዱ አንዱን ትራስ አነሣሁ። ከዚያ ሌላውን። ትራሱ ባነሰ ቁጥር ሱብሃነላሁ እየረዘመ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ቤት አንዲት ክርስቲያን እናት ነበሩኝ፤ «እማማ» እላቸዋለሁ። ሁለት ጉልበታቸው እያበጠ አላስኬድ ብሏቸዋል። ጆሯቸው ስለከበደ ስልክ አይሰሙም። አንድ ቀን ከወንበሩ ሁለቴ ተነሥተው «ደከመኝ ልጄ» ሲሉኝ፣ ላበረታታቸው ብዬ አንድ ቃል አመለጠኝ። የታማሚ ነገር ለሌላ አይወራም፤ አውቃለሁ።

«አንዲት እናት አሉኝ፣ በተነሡ ቁጥር ሱብሃነላህ እያሉ አሥር ይሞላሉ» አልኩ ጮክ ብዬ።

እማማ ወንበሩን እንደያዙ ቀሩ። «ነጭ ሻሽ የምታስር ሐረሪ ናት? ነገር ሲያስመርራት አቦ ተይኝ የምትል?»

ቀና ብዬ ሳላያቸው ወንበሩን አስጠጋሁላቸው። ገባቸው።

«ሰዎች ድሬዳዋ ዘመድ ጋ ሄደች ብለውኝ ነው እኮ» አሉና ቁጭ አሉ።

ከዚያ እንደ ሕልም እያስታወሱ አወሩኝ። እሳቸውና አዴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ፣ አመሻሹ ላይ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ከግንቡ በሮች አንዱ እስከሆነው ኤረር በር አብረው ይሄዱ ነበር። ገበሬው አህያውን እየነዳ ወደ አገሩ ሲመለስ ቆመው ያያሉ፣ ከሸለቆው የሚመጣውን ነፋስ ይቀበላሉ፣ ይመለሳሉ። «ምንም አንሠራም ነበር» አሉኝ፣ «ነፋስ ብቻ።» ቤታቸው በሁለት መታጠፊያ ነው የሚራራቀው።

የእማማን ፈቃድ ይዤ ሁሉንም ለአዴ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ታምሜ ስተኛ አልጠየቀችኝም። ትታኝ ነው ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ የቀረችውን አንድ ትራስ በእጃቸው መታ መታ አደረጓት። «ይቺን አንሻት።»

ከደጃፍ መውጣት ስንለማመድ ግን አጠፋሁ። ዝናብ ባባራበት ቀን እርጥብ ድንጋይ ላይ አስኬድኳቸው፤ አንሸራተታቸውና በእጄ ላይ ወደቁ። አልተጎዱም። ልጃቸው ግን ሮጣ መጥታ እናቷን ከእጄ ወሰደች።

«መልሰሽ ልትሰብሪያት ነው? ሁለት ዓመት ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ አንቺ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። በቃ፣ አትምጪብን!»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ያንን መንገድ ሳልረግጥ ቀረሁ። ከዚያ አንድ ረፋድ የአዴን ልጅ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ዛሬ ስነሣ እናቴ ወንበሩን ይዛ ቆማለች» አለችኝ። «ማንም ሳይኖር ትቆጥራለች። ካልመጣሽ ብቻዋን ትወጣለች።»

«እርጥብ ላይ ያስኬድኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ነይ።»

ከዚያ ወዲያ እሷንም ጭምር አስተማርኳት፤ የእናቷን መቀነት ከኋላ እንዴት እንደምትይዝ፣ መቼ እንደምትለቅ። መልቀቁ ከመያዙ ይልቅ ከበዳት።

ሁለቱን ለማገናኘት የተስማማነው መሀል መንገድ ላይ፣ አንድ የድንጋይ መቀመጫ ዘንድ ነበር። እማማን ጎረቤታቸው ደግፋ ትመጣለች፤ አዴን እኛ። እኔ ብቻዬን በሁለት ደቂቃ የምጨርሰው መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ፀሐዩ ደማቅ ነበር፣ ድምፅ የለም፤ የአዴ ከዘራ ጫፍ ድንጋዩን ሲነካ ብቻ ይሰማል። አዴ በሌላ እጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄዱ፤ ቀለሙ እየለቀቀ መዳፋቸው ሰማያዊ ሆነ። አንድ ጊዜ ቆሙና «እዚህ በር ላይ አበባ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

እማማ ቀድመው ደርሰው ተቀምጠዋል።

«መጣሽ?» አሉ አዴ።

«ምን አልሽ?»

«ወፈርሽ!» ብለው ጮኹ አዴ።

«አንቺ ደግሞ አጠርሽ!»

ሁለቱም ሳቁ። አዴን አጠገባቸው አስቀመጥናቸው። እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከዚያ አዴ ወደ እማማ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ሳትጠይቂኝ ስትቀሪ ተቀይሜሽ ነበር።»

«እኔም ሳትሰናበቺኝ የሄድሽ መስሎኝ ተቀይሜሽ ነበር» አሉ እማማ። ልጅቱ ፊቷን አዙራ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ኤረር በር አልደረሱም፤ የሚደርሱም አይመስለኝም። የእማማ ጉልበት ከዚያ በላይ አልተሻለውም። ከአልጋቸው እስከ ቤታቸው በር ያለ ደጋፊ ይሄዳሉ፤ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። አዴ ግን ሁለቱንም መታጠፊያ አልፈው እማማ ቤት ይደርሳሉ።

ባለፈው ሳምንት በተለመደው ሰዓት አዴ ቤት ደረስኩ። ልጅቱ በሩን ከፍታ ሳቀችብኝ።

«የለችም። አትጠብቀኝ በያት ብላለች።»

እኔ ግን ደክሞኝ ነበርና ነደባው ላይ ተቀመጥኩ። ቤቱ ቀዝቃዛና ቀላ ያለ ጨለማ ነበር፤ ከሩቅ የስፌት መኪና ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል። መቼ እንዳሸለበኝ አላውቅም። ስነቃ ልጅቱ ጋቢ አልብሳኛለች፣ የግቢው ጥላ ረዝሟል። አዴ ገና አልተመለሱም ነበር።