የጋሽ ሰዒድ ስክሪን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ... የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ለጥላ ሲያሳድድ፣ እኔ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ቬንትሌተሩን ፊቴ ላይ አዙሬ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ጌም ነው። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ዳገት በእውን መንዳት የሚፈራ የሃምሳ ዓመት መምህር ሌላ ምን ያድርግ?

ስክሪኑን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ከጋሽ ሰዒድ ነው። የሰፈራችን የማሾ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላም። ከቤት ዕቃ ሲያወጡ ሰፊ ስክሪን አየሁና ወሰድኩት።

ቤት አምጥቼ ገጠምኩት፣ ጌሙን ከፈትኩ። ምስሉ ደብዛዛ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መሃሉ ብቻ ይታያል። በዚያ ላይ መንገዱ መሃል የበር ቅርጽ ያለው ጥላ አለ። ስነዳ አይቀርብም፣ ወደ ኋላ ስመለስም አይርቅም።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አየችና «በር ልትገጭ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ሪዞሉሽኑ ነው» አልኳት።

ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። የስክሪኑ ልክ 1920 በ1080 ነው፤ ምርጫው ግን 1024 በ768 ላይ ያበቃል። ትልቁ የለም። የግራፊክስ ድራይቨሩን አደስኩ። ጌሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የለም። በመጨረሻ ገመዱን ነቅዬ አየሁት... ከመሳቢያዬ ያወጣሁት አሮጌ ገመድ ነው፣ ጫፉ ላይ ካሉት ቀጫጭን መርፌዎች አንዱ ተሰብሯል። ስክሪኑ ስፋቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው በዚያች መርፌ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የማያውቀውን ስክሪን አያምነውም፤ ትንሹን ይሰጠዋል።

ጋሽ ሰዒድ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የስክሪኑ ገመድ እርስዎ ጋ ቀርቶ ይሆን? በኔው ገመድ መሃሉ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ይዤልህ ልምጣ፣ መንገዴ ነው።»

መጡ። ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ውሃ ጠጡ። ገመዱን ቀየርኩና ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ትልቁ ምርጫ ገብቷል። ተጫንኩት። ግራና ቀኙ ተከፈተ፣ አስፋልቱ ጠራ...

በሩ ግን አልጠፋም። ሌላው ሁሉ ሲጠራ እሱም ለየ። ባለ ሁለት ክፋይ የብረት በር፣ አንዱ ክፋይ ገርበብ ያለ። ከጎኑ የውሃ በርሜል።

«ጋሼ፣ ይሄ ስክሪን አንድ ምስል ብዙ ጊዜ ይዞ ቅርጹ ተቃጥሎ ቀርቶበታል» አልኩ። «ምን ታዩበት ነበር?»

ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አዙረው አዩት።

«የኔ በር ነው» አሉ።

ልጃቸው ጀማል በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ባሕሩ ጋ ደርሻለሁ ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያላወቅነው እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ከጣሪያው ጫፍ ወደ በሩ የሚያይ ካሜራ እንዳስተከሉ ነው። ስክሪኑ እግርጌያቸው ተቀምጦ፣ መብራት ካልሄደ በቀር አይጠፋም ነበር። በሩም እንዲዘጋ አይፈቅዱም።

«እቆጣት ነበር» አሉ ጋሽ ሰዒድ። «ተይ ዘይነባ፣ ልጁን ባሕር በልቶታል፣ ዱዓ አድርጊለት፣ በሩን እንዝጋው እላታለሁ። ዝም ትለኛለች። ይሄን ስክሪን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምቀመጥ።»

ያኔ ነው ባለቤቴ የስክሪኑን ቀኝ ጥግ በጣቷ ያሳየችን። ቅድም ጥቁር የነበረው ጠርዝ ላይ፣ አጥሩ ሥር፣ ደብዘዝ ያለ... የተቀመጠ ሰው።

ስክሪን ይዞ የሚያስቀረው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። አላፊ አግዳሚው አይቀርበትም። ይሄ ሰው እዚያው ቦታ ምን ያህል ቢቀመጥ ነው?

ጋሽ ሰዒድ መነጽራቸውን አድርገው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቤቱ ሞቀኝ፣ ጓሮ ልረፍ እላትና ከዙሁር ሶላት በኋላ እወጣለሁ። ዞሬ መጥቼ እዚያ ድንጋይ ላይ ነው የምቀመጥ። መንገዱን አያለሁ። ካሜራው በሩን ብቻ የሚያይ መስሎኝ ነው እኮ ጥጉን የመረጥኩት።»

ገመዱን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«መምህር፣ እሷም እስከ ጥጉ ድረስ ነበር የምታየው? ወይስ አንተ ቅድም እንዳልከው መሃሉን ብቻ?»

«ያኔም በዚህ ገመድ ነበር የሚሠራው?» አልኳቸው።

«በሱው ነው። ሌላ ኖሮንም አያውቅ።»

መዋሸት እችል ነበር። የትኛው ውሸት እንደሚጠቅማቸው ግን አላወቅኩም።

«እስከ ጥጉ ነው ጋሼ» አልኩ።

ኮፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያዞሩት ቆዩ።

«ለዚህ ነዋ» አሉ። «ስገባ ሁልጊዜ ውሃው ተቀድቶ ይጠብቀኛል። ሴት ልጄን ‹መምጣቴን ማን ነገረሽ?› ስላት ‹እማዬ አባትሽ ተነስቷል፣ ቅጂለት አለችኝ› ትላለች። እኔ ከጓሮ ስነሳ ኮቴዬን እየሰማች ይመስለኝ ነበር... አላህ ይርሐማት፣ አንድ ቀን እንኳ አይቼሃለሁ ብላ አላሳፈረችኝም።»

ስክሪኑን መልሰው እንዲወስዱት ለመንኳቸው።

«ምን ላደርገው? የምታየው እሷ ነበረች» አሉና ተነሱ።

በረንዳው ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «አንተ ንዳበት። እኔን ብቻ እንዳትገጨኝ» አሉ። ሳቅን፣ ሦስታችንም። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም በሌለበት የጌም መንገድ ላይ ፍጥነት ቀንሼ፣ ቀኙን ለቅቄ ነው የምነዳው... ጥግ ላይ ሰው ተቀምጧል።