ሰዓት የማይቆረጥለት ጀልባ

ቤቴ ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው። ይኼን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ አፋፍ ላይ የሠራሁት ደልዳላው መሬት ለሌላ ሰው ስለደረሰ ነው። ዘመን መጣና ግን አፋፉ ሹመት አመጣልኝ። ሐይቁ ጎድጓዳ ነው፤ ዙሪያውን በዛፍና በገደል ታጥሯል፤ እታች ውሃው ዳር ስልክ አይሠራም። ኔትወርክ የሚገኘው ከኔ አጥር ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ እሱም ፊትን ወደ አስፋልቱ አዙረው ከቆሙ። ቦታውን ያጠናው መሐንዲስ የለም። ያገኘችው ላሜ ናት፤ ከጎረቤት ማሳ ልመልሳት ስሮጥ እዚያ ጥግ ላይ ስልኬ ጮኸ።

ወጣቶቹ ተደራጅተው ጀልባ ያመጡ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሊያይ ወረደ። እኛ ሽማግሌዎችንም ለሥልጠና ወደ እንጂባራ ጠሩን፤ እኔ እንኳ እስካሁን ቆሰበር ነው የምላት። ትምህርቱ ውሃ ላይ ስለመጠንቀቅ ነው። የተሰጠው ግን ከውሃው ርቆ፣ በከተማው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሰው ደረቅ ቦታ ሲቀመጥ ይበልጥ ይገባዋል ብለው መሰለኝ። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነበር፤ የተናገረውም ሐሰት የለበትም። ጀልባ ከዳር ሳይለቅ ነፍስ አድኖቹ አምስት ነገር ማወቅ አለባቸው አለ፤ ማን ተሳፈረ፣ ስንት ሆኖ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ስንት ሰዓት ይመለሳል፣ አንድ ነገር ቢሆን ለማን ይነገር። ሲመለስም ተመለስሁ ይበል። የተናገረው ሰዓት አልፎ ግማሽ ሰዓት ከተጨመረ፣ ነፍስ አድኖቹ የማንንም ልመና ሳይጠብቁ ይወጣሉ። አጨበጨብን። ምሳውም ጥሩ ነበር።

ሹመቴ እንግዲህ ይኼ ነው። ቀዛፊው ከታች ጠይቆ ወደ ላይ ይጮህልኛል፤ እኔ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ ለነፍስ አድኖቹ እደውላለሁ። ነፍስ አድኖቹ ሁለት ጎበዞች ናቸው። ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰው አስፋልቱ ዳር ከሻይ ቤቱ ይውላሉ። ለምን ከውሃው ዳር አትውሉም ብዬ ብጠይቃቸው፣ ውሃው ዳር ብርድ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ካራምቡላም የለም አሉኝ። ሦስቱም እውነት ነው።

መቼም የኛ ሰው መጠየቅ አይወድም። አንድ የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ ቅዳሜ ከሰዓት ሊዝናና መጥቶ ሊሳፈር ሲል፣ ቀዛፊው አንድ ነገር ቢሆኑ ለማን እንንገር አለው። ሰውየው አንድ እግሩ ጀልባው ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ እንደሆነ ቀረ። ምን እንድሆን ፈልጋችሁ ነው አለና እግሩን መልሶ ሄደ። አዲስ ቅዳም ሲደርስ፣ ዘንገና አፋፍ ላይ ሰው ከመሞቱ በፊት ዘመዱን የሚጠይቅ ሟርተኛ ሽማግሌ ተቀምጧል ብሎ አወራ። ጠያቂው ቀዛፊው ነው፤ ዝናው ግን የኔ ሆነ። ሙሽሮችማ አይነሣ። በሠርጋቸው ቀን ፎቶ ሊነሡ የመጡ ልጆች ይኼን ሲጠየቁ የሚዜዎቹን ፊት ያየሁት ከአፋፍ ሆኜ በመሆኑ አመስግኛለሁ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሰዓቱ ነው። የኛ አገር ሰው ነገ ገበያ እወጣለሁ ለማለት እንኳ እሱ ካለ ሳይል አፉን አይከፍትም። የመመለሻ ሰዓት ቆርጦ መናገር እግዜርን ማዘዝ ነው። ስለዚህ ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ ሲባል የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ እሱ ያውቃል። እኔም ይኼንኑ እደውላለሁ፤ ነፍስ አድኖቹም ይኼንኑ ይመዘግባሉ። ወሩ ሲያልቅ የተሳፈረው ሰው ሁሉ በሰዓቱ የተመለሰ ሆነ፤ የዘገየ አንድም አልተገኘም። ሪፖርቱ በቆሰበር በጣም ተመሰገነ አሉ።

ታናሽ እህቴ ዳንግላ ነው የምትኖር። ከናታችን ልጆች የቀረን እኔና እሷ ነን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣት ነገር ቢኖር ከሐይቁ ማዶ ያለው የጽዋ ማኅበሯ ነው። ድሮ አፋፉን ዞራ በእግሯ ትሄድ ነበር። ጉልበቷ ሲከዳት ከኔ ቤት ደጅ ተቀምጣ ማዶ ማዶውን እያየች ወደ ዳንግላ መመለስ ጀመረች። ጀልባው መጣና ገላገላት። በየወሩ ትመጣለች፤ ትሻገራለች፤ ትመለሳለች፤ እኔም ሌሊቱን ደህና እተኛለሁ።

የዚያን ለት በማለዳ ሚኒባስ ደረሰች። ዳቦዋን በትንሽ ሳፋ አድርጋ በነጠላ ሸፍናለች። ክንዷን ይዤ አብሬያት ወደ ውሃው ወረድሁ። ቀዛፊው የከተማ ልጅ ነው፤ ሥልጠናውን በልቡ ይዞታል። መጀመሪያ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ብርቱካንማ ጃኬት አቀረበላት።

«ይኼ ኮርቻ ነው» አለችው። «በቅሎ መሰልሁህ?»

ተቀብላ ከመቀመጫው ላይ አነጠፈችውና ተደላድላ ተቀመጠችበት። ለመቀመጫ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችው። ልጁ ወደኔ አየ፤ እኔ ወደ ውሃው አየሁ።

«መመለሻዎ ስንት ሰዓት ነው እማማ?»

«የማኅበር ጠላ በሰዓት ነው እንዴ የሚጠጣ? እሱ ያውቃል።»

እንዲያው በግምት ቢነግሩኝ ብሎ ለመናት። አልሰማ አለችው። እኔም የሹመት ነገር ይዞኝ፣ እቴ፣ እንዲያው አንድ ሰዓት ጥሪና ልጁን አሳርፊው አልኋት። ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አያ፣ አንተም አዳራሽ ገብተህ ወጣህና እግዜርን በሰዓት ታዝዘው ጀመር?»

የመጨረሻው ጥያቄ ሲመጣ፣ ለማን እንንገር ሲላት፣ በአገጯ ወደኔ አመለከተች። ለሱ ንገረው፣ እሱ ደግሞ ለራሱ ይደውል አለች። በዚህ ስቃ ሳትጨርስ ጀልባው ተነሣ። እኔ አፋፉን ወጥቼ ደወልሁ። መመለሻቸውስ አባባ አለኝ ነፍስ አድኑ። ነገርሁት። መዝግበናል አለኝ።

ከምሳ በኋላ ጉም ወረደ። ለወትሮው ከዛፉ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚወርድ፤ የዚያን ለት ከገደሉ በኩል ተንዶ ገባና ሐይቁን ሞላው። ከደጄ ቆሜ ከእግሬ በታች ነጭ ነገር ብቻ አያለሁ። አልደነገጥሁም። በዚህ ጉም የሚነሣ የለም፣ ማኅበሩ ቤት እሳት ዳር ተቀምጣለች ብዬ ድንቼን መኮትኮት ቀጠልሁ።

አፋፉን ዞሮ የመጣ አንድ የማዶ ሰው ፈረሱን እየሳበ ከደጄ ቆመ። ማኅበሩ የተበላው ከሱ ቤት ነው።

«እህትዎ ደህና ገቡ?» አለኝ።

«ከየት?»

ሰውየው መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሐይቁ አየ። ዳንግላ ሳይመሽብኝ ልድረስ ብላ ጠላው ሳያልቅ ነው የተነሣችው፤ ጉሙ ገና ስስ ሳለ ጀልባው ለቅቋል፤ እኔ ፈረስ ጭኜ፣ ይኼን ሁሉ መንገድ ዞሬ መጣሁ አለኝ። ጀልባ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሄዶ ተመልሶ ደግሞም ይሄድ ነበር። መኮትኮቻውን ጣልሁና ከአፋፉ ጫፍ ሆኜ ወደ ታች ተጣራሁ። የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው።

ከባሕር ዛፉ ሥር ሮጥሁ፤ በኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ። ነፍስ አድኑ ወዲያው አነሣ። ልጁ ትሑት ነው። ከበስተጀርባው የካራምቡላ ድንጋይ ሲጋጭ ይሰማኛል። እህቴ ውሃ ላይ ናት፣ ጉም ወርዷል፣ ውጡልኝ አልሁት። የተመዘገበውን ልይልዎ አለኝና ጥቂት ቆየ።

«መመለሻቸው ‹እሱ ያውቃል› ነው የሚለው አባባ።»

«አዎ።»

«እንግዲያ አላለፈም።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አስረዳኝ፤ ድምፁ እንኳ አልከረረም። ባለፈው አንድ ሰው ገና ሳይዘገይ ወጥተው ተገሥጸዋል። ሰዓቱ ሳያልፍ ለመውጣት ኃላፊው መፍቀድ አለበት፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው መቼ ያልቃል አልሁት። በሱ በኩል እንኳ የተቆረጠ ሰዓት የለም አለኝ። ስለ ምን እንደሚሰበሰቡ አልጠየቅሁም፤ ስለ ውሃ ጥንቃቄ ነው ቢለኝ ምን እሆን ነበር።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ጉሙን አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓት ቆርጬ አላውቅም። ልጆቼን ስድር እንኳ የቀጠርሁት እሱ ካለ ብዬ ነው። አሁን ግን እህቴ በመመሪያው መሠረት አልዘገየችም። በመመሪያው መሠረት ክረምቱ እስኪወጣ ብትቆይም አትዘገይም።

«ስምንት ሰዓት ነው የምትመለሰው» አልሁት። «ጻፍ።»

«እሳቸው ናቸው ያሉት?»

«እኔ ነኝ ያልሁት።»

የካራምቡላው ድምፅ ቆመ፤ ጓደኛው ተጠግቶ እየሰማ ነበር መሰለኝ።

«ስምንት ካሉማ አልፏል አባባ» አለኝ።

«አልፏል።»

«ግማሽ ሰዓቱም አልፏል።»

«እሱም አልፏል ልጄ።»

ልጆቹን አላማቸውም። ስልኩን ሳልዘጋ ነው ባጃጅ ሲያስነሡ የሰማሁት። በደጄ ሲያልፉ ሰላምታ እንኳ አልሰጡም፤ እንዲያ ያለ ነውር ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ ወርደው ትንሿን የነሱን ጀልባ ገፉ። ዳሩ የት እንደሆነ እንድናውቅ ድምፅ አሰሙን ብለው ጉሙ ውስጥ ገቡ። የማዶው ሰው ጦጣ ከድንቼ የማባርርበትን ጅራፍ ከአጥሩ አወረደና ውሃው ዳር ቆሞ ያጮኸው ጀመር። እሱ ሲደክመው እኔ እጣራለሁ፤ እኔ ሲዘጋኝ እሱ ያጮኻል። ፈረሱ ብቻ ነው ነገሩ ያልገባው፤ ሣሩን ይነጫል።

ያን ጊዜ የመጨረሻው ጥያቄ ትዝ አለኝ። አንድ ነገር ቢሆን የሚነገረው ሰው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ቀድሜ አውቄ እዚያው ቆሜያለሁ። ከናታችን ልጆች ከኔ ቀጥሎ የሚደወልለት ማን እንዳለ አሰብሁ፤ አላገኘሁም። እናታችን ብትኖር ኖሮ ለሷ ማን ይነግር ነበር ብዬ፣ የሞተች እናቴን ከመርዶ አዳንሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ሲቸግረው የሚያገኘው መጽናኛ ይኼን ያህል ነው።

ጀልባው ሳይታይ ድምፅዋ መጣ። በአገራችን ቋንቋ፣ በአውኚ እየተሳደበች ነው። ቀዛፊው አውኚ አይሰማም፤ ለሱ ጥሩ ሆነለት። የማዶው ሰውና እኔ ግን እንሰማለን፤ ሰውየው ጅራፉን አውርዶ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረ። እኔ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ስድብ ከተወለድሁ አልሰማሁም።

የሆነውን ኋላ አጫወቱን። ቀዛፊው በጉሙ መንገዱ ጠፍቶት ከድንጋይ ሲጋጭ መቅዘፊያው ተሰብሯል። ጀልባው ዞሮ ዞሮ ከገደሉ ሥር ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰንቅሯል፤ ከተጋጨበትም ውሃ ያስገባል። ልጁ እጁ ተሳስሮ ሲቀር፣ እሷ የዳቦዋን ሳፋ አንሥታ ውሃውን ትቀዳና ትደፋ ጀመር። እስኪደርሱላት ድረስ አላቋረጠችም። ነፍስ አድኖቹም ያገኟት የሳፋውን ድምፅ ተከትለው ነው። ያንን ኮርቻ ለብሳዋለች፤ እስከ አንገቷ ድረስ ቆልፋዋለች። እሱን ማንም አላነሣባትም፤ እኔም አላነሣሁም።

ነፍስ አድኖቹ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ወደ ዳር አወጧት። አንደኛው ሱሪው እስከ ወገቡ ርሷል። እጁን ስሜ ልመርቀው ስል፣ አባባ፣ መመለሳቸውን መደወል አይርሱ አለኝ። ለማን ልደውል ብዬ አሰብሁና፣ ለሱ መሆኑ ገባኝ። እሱ ከፊቴ ቆሟል፤ ስልኩ ደግሞ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ውሃ እየጠጣ ነው። እሺ ልጄ፣ እደውላለሁ አልሁት።

አቀበቱን ክንዷን ይዤ ወጣን። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ ይጎትታታል። ብዙ ጊዜ ቆመን አረፍን። ነፍስ አድኖቹ ሰዓቱን ማን እንደቆረጠላት ጉሙ ውስጥ ሳሉ ነግረዋታል፤ እኔ ግን አላነሣሁባትም፤ ቁጣዋን እየጠበቅሁ ነበር። አጋማሽ ላይ ስንደርስ ዛፍ ተደግፋ ቆመች።

«አያ፣ አንተ ነህ ሰዓት የቆረጥህልኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስምንት ብለህ?»

«ስምንት ብዬ።»

የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ጨመቀችው፤ ውሃው በጫማዬ ላይ ወረደ።

«ታዲያ ምነው ሰባት ባልህ» አለችኝ።